ቁጭ ብለው የጠየቁ ተማሪዎች

በ1880ዎቹ ማብቂያ፣ በጃፓን ባሕር በኩል በምትገኘው የካናዛዋ ከተማ፣ ሆጆ ቶኪዩኪ የሚባሉ የሒሳብ መምህር ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በክፍል ውስጥ ቀመር ያስተምራሉ። ከክፍል ውጭ ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችን ሰብስበው እግርን አጥፎ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ትንፋሽን እየተከታተሉ ዝም ብሎ መቀመጥን ያለማምዳሉ። ዛዘን የሚባለው የዜን ቡድሂዝም ተመስጦ ነው። አንዳንዴም ከታካኦካ አካባቢ፣ ከኮኩታይጂ ገዳም፣ ሴትሱሞን የተባሉትን የዜን መምህር እያስመጡ ተማሪዎቹ ትምህርት እንዲሰሙ ያደርጉ ነበር።

የእኛ አገር አንባቢ በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን የግቢ ጉባኤዎች ቢያስብ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ የካናዛዋዎቹ ከጀርባቸው የሚደግፋቸው ማኅበርም ሆነ የተጻፈ ደንብ አለመኖሩ ነው። አንድ የሒሳብ መምህርና ጥቂት ልባቸው ያላረፈ ልጆች፣ በቃ።

ዘመኑም ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚመች አልነበረም። በ1868 የሜይጂ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ የአገሩን ነባር እምነት ሺንቶን ከቡድሂዝም ለይቶ የመንግሥት ዓምድ አደረገው። በዚያው ግርግር በየአውራጃው የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ፈረሱ፣ ምስሎች ተቃጠሉ፣ መነኮሳት ወደ ዓለማዊ ኑሮ ተመለሱ። በእንፋሎት መርከብና በቴሌግራፍ የተማረከው አዲሱ ምሁር ቡድሂዝምን የአያቶች ጉዳይ፣ ለቀብር ካልሆነ በቀር የማይፈለግ ነገር አድርጎ ያየው ነበር። ስለዚህ ተማሪን ወደ ዛዘን የጠራው መነኩሴ ሳይሆን የሒሳብ መምህር መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። መነኩሴውማ ማን ይሰማዋል!

ሆጆ ራሳቸው ይህን የተማሩት ከኢማኪታ ኮሰን ነው። ኮሰን በቶኪዮ ደቡብ፣ በካማኩራ ከተማ የሚገኘው የኤንጋኩጂ ገዳም አበምኔት ነበሩ። በ1875 ገዳሙን ከተረከቡ ጀምሮ በሩን ለመነኮሳት ብቻ ሳይሆን ለምእመናን፣ በተለይም ከቶኪዮ ለሚመጡ ተማሪዎች፣ ወለል አድርገው ከፈቱት። ቡድሂዝም በመንግሥት ፊት ሞገስ ባጣበት ሰዓት የተማረውን ወጣት ማቅረብ ብልህነት እንደነበር የኋላው ታሪክ መስክሯል።

ከሆጆ ተማሪዎች ሁለቱ እኩያሞች ነበሩ፤ ሁለቱም በ1870 የተወለዱ። አንደኛው ኒሺዳ ኪታሮ ነው፤ በሆጆ ቤት ተቀምጦ የተማረ፣ በኋላ የጃፓን ፈላስፎች አውራ የሆነ። ሁለተኛው ሱዙኪ ዳይሴትሱ ነው፤ ዓለም ዲ.ቲ. ሱዙኪ እያለ የሚያውቀው። የሱዙኪ አባት ሐኪም ነበሩ፤ ልጁ ገና ስድስት ዓመት ገደማ ሳለ ሞቱ። ቤቱ ደኸየ። ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አቅቶት ትምህርቱን አቋረጠ።

ሱዙኪ ግን የሆጆ ጉባኤ የለኮሰበትን ነገር ማጥፋት አልቻለም። አንድ ቀን ማንም ሳይልከው፣ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ እንኳ ሳይዝ፣ በአሮጌ የፈረስ ሠረገላ ተራራ አቋርጦ ኮኩታይጂ ሄደ። ጨለማ ክፍል ሰጡትና ተቀመጥ አሉት። እንዴት እንደሚቀመጥ የነገረው የለም። በእጁ የያዘው የ18ኛው ክፍለ ዘመኑ መምህር የሀኩይን መጽሐፍ ነበር። ሴትሱሞን ፊት ሲቀርብ ከመጽሐፉ ያልገባውን ቃል ጠየቀ። መምህሩ ለእንዲህ ያለ የቂል ጥያቄ ነው ወይ የመጣኸው በሚል ዓይነት ተቆጥተው መለሱት። ልጁ ጥቂት ቀን ከርሞ፣ የእናቱ ናፍቆት ሲያሸንፈው፣ ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። ሱዙኪ ይህን ታሪክ በስተርጅና ያወራው ነበር።

ከዚያ በኋላ በገጠር ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆየ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ የተቃረመ ነበር። በ1890 እናቱ አረፉ። በዓመቱ ቶኪዮ ገባና በኋላ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ክፍል ውስጥ ግን ብዙም አልታየ፤ ልቡ ካማኩራ ነበር። ከቶኪዮ በማታ ተነሥቶ ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ሌሊቱን በእግሩ ተጉዞ ማለዳ ኤንጋኩጂ ደረሰ። የባቡር መስመር ከ1889 ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም የባቡሩ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ያለችውን 10 ሴን በወረቀት ጠቅልሎ የዕጣን መግዣ ብሎ በትሪ ለእንግዳ ተቀባዩ መነኩሴ አቀረበ።

በነገራችን ላይ ያ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው ለተሳላሚ ታስቦ አይደለም፤ የዮኮሱካን የባሕር ኃይል ሰፈር ከዋና ከተማዋ ለማገናኘት ነው። ሐዲዱ የኤንጋኩጂን ቅጥር ሰንጥቆ፣ የገዳሙን ኩሬ ከደጀ ሰላሙ ለይቶ ያልፋል። ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሱዙኪ ኮሰንን ያገኛቸው በጠዋት ነበር። ሽማግሌው በረንዳ ላይ በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ቁርሱ የሩዝ ገንፎ ነው፤ ከሸክላ ድስት ራሳቸው እየጨለፉ። የታላቅ ገዳም አበምኔት እንዲህ አገልጋይ የሌለው ተራ ሰው መስለው ማየቱ ወጣቱን ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ነካው። የሰጡት ኮዋን፣ ማለትም በተመስጦ የሚፈታ እንቆቅልሽ፣ የአንድ እጅን ጭብጨባ ድምፅ የሚመለከተው ነበር። ሱዙኪ መልስ ይዞ ሊቀርብ ሲገባ ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ግራ እጃቸውን ወደ ፊቱ ይዘረጉለታል። ልጁ የሚለው ይጠፋዋል፤ ሰግዶ ይወጣል። በጥር 1892 ኮሰን ዐረፉ፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ።

በቦታቸው የተተኩት ሻኩ ሶየን ገና በ30ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በኬዮ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ፣ ሲሎን ወርደው ከደቡብ ቡድሂስቶች ጋር የኖሩ መነኩሴ ናቸው። በ1893 ቺካጎ በተካሄደው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ተናገሩ፤ ንግግራቸውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሱዙኪ ነው። እሳቸው ደግሞ ለሱዙኪ ሌላ ኮዋን ሰጡት። ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለው ወይ ተብሎ የተጠየቀ ጥንታዊ የቻይና መምህር «ሙ» ብሎ መለሰ ይባላል፤ የለም እንደማለት። ሱዙኪ በዚህች አንዲት ፊደል ላይ አራት ዓመት ተቀመጠ።

በዚያው ጊዜ ሱዙኪና ኒሺዳ የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ልዩ ተማሪዎች ሆነው ነበር። ልዩ የሚለው ቃል እንዳያሳስት፤ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት የሌላቸው፣ በጎን በር የገቡ ማለት ነው። ኒሺዳ በኋላ እንደጻፈው መደበኞቹ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል ሲቀመጡ ልዩዎቹ ኮሪደር ላይ በተደረደሩ ጠረጴዛዎች እንዲያነቡ ይደረግ ነበር። የእነዚህ ልጆች ወደ ገዳም መመላለስ ከዚህ ውርደት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ማለት ይከብደኛል። ገዳሙ ምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ ደብተርም አያይም።

ምስክር ወረቀቱ ያልጎደለውም ግን መጣ። በታኅሣሥ 1894 ማብቂያ ናትሱሜ ሶሴኪ የሚባል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ምሩቅ፣ አእምሮው ዕረፍት አጥቶ፣ ኤንጋኩጂ ሱባኤ ገባ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ወላጆችህ ሳይወለዱ በፊት ፊትህ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ኮዋን ተቀበለ፤ ለሶየን ያቀረበው መልስ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ባዶ እጁን ወደ ቶኪዮ ተመለሰ። በ1910 ባሳተመው «በሩ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ይህንኑ አዋለው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ገዳም ሄዶ እንደሄደ ይመለሳል። የጃፓን ዘመናዊ ልብ ወለድ አባት ከተመስጦ የወረሰው ነገር ቢኖር ይህ ውድቀት ነው፤ እኔ ግን ብዙ ሰው ተሳካልኝ ብሎ ከጻፈው ይልቅ ይህን አምነዋለሁ።

ለሱዙኪ የተሳካለት በ1896 ታኅሣሥ ነው። በየዓመቱ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቡድሃ የነቃበት ቀን እስኪብት ድረስ፣ እንቅልፍ ቀንሶ የሚቀመጡበት ጽኑ ሱባኤ አለ። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካ ለመሄድ ተቆርጦለት ስለነበር ይህ ካመለጠኝ ሌላ የለም ብሎ ገባበት፤ በዚያም ሱባኤ «ሙ» ተፈታችለት። በ1897 ወደ ኢሊኖይ ተጓዘና 11 ዓመት በትርጉም ሥራ ባሕር ማዶ ቀረ።

ኒሺዳ ደግሞ ካናዛዋ ተመልሶ በዚያው ባልጨረሰው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ያልጨረሰበትን ቂም ይሁን የሆጆን ውለታ ለመክፈል፣ በ1900 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለተማሪዎች የጋራ ማደሪያ ቤት ከፈተ። ሳንሳን ጁኩ ይባላል። ተማሪዎቹ አብረው ይበላሉ፣ ያጠናሉ፤ የተለያየ ሃይማኖት ሰባኪዎች እየተጋበዙ ይናገሩላቸዋል። ኒሺዳ ራሱ ያኔ ካናዛዋ ውስጥ ወደተቀመጡት ወደ ሴትሱሞን እየተመላለሰ ዛዘኑን ይቀጥል ነበር። በ1910 ኪዮቶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ተጠራ፤ በዓመቱ «ስለ በጎ ነገር የተደረገ ምርምር» የሚለው መጽሐፉ ወጣ። ውሎ አድሮም ወጣቱ አንባቢ ተሻማበት።

በ1912 ከጊፉ አውራጃ ሂሳማትሱ ሺንኢቺ የሚባል ልጅ በኒሺዳ ክፍል ተቀመጠ። አጥባቂ የቡድሃ አማኝ ቤት ያሳደገው፣ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሲማር ግን እምነቱ ከእጁ የወደቀበት ነበር። ፍልስፍና የጎደለውን ይሞላልኛል ብሎ መጣ። ሦስት ዓመት ተማረ፤ አልሞላም። ኒሺዳ ያኔ የሰጡት ምክር ሌላ መጽሐፍ አልነበረም፤ ኪዮቶ ውስጥ ወዳለው ሚዮሺንጂ ገዳም፣ ወደ ኢኬጋሚ ሾሳን ላኩት። በ1915 ታኅሣሥ ሂሳማትሱ ከመነኮሳቱ ጋር ጽኑውን ሱባኤ ገባ። እግሩ ታመመ፣ ሐሳቡ ሁሉ ተዘጋ፤ መሸሺያም መግፊያም አጣ። እሱ እንደሚለው፣ ያ ጥርጥር የገጠመው ችግር መሆኑ ቀርቶ ራሱን ሂሳማትሱን ሆነ፤ ከዚያም ከውስጥ ተናደ። 26 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተማሪዎች የዛዘን ጉባኤ ብርቅ መሆኑ እየቀረ መጣ። በ1919 የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቡድሂስት ወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ። በ1928 ኤንጋኩጂ ለምእመናንና ለተማሪዎች ብቻ የሚሆን አዳራሽ አገኘ፤ ቶኪዮ ውስጥ የያግዩ ቤተሰብ የሰይፍ ትምህርት ቤት የነበረ የእንጨት ቤት ነው፤ ተነቅሎ መጥቶ ካማኩራ ተተከለ።

የሰይፍ ነገር ከተነሣ ዘንድ ዜን ያላማረበትን ጎን ማለፍ አይገባም። ሶየን በ1904 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት የሠራዊቱ ሰባኪ ሆነው ዘምተዋል። በ1930ዎቹ ብዙ የዜን መምህራን የሞትና የሕይወት ልዩነት የለም የሚለውን ትምህርት ለወታደር አስተማሩ። ዝምታ በራሱ ሰውን ደግ እንደማያደርግ ጃፓን በገዛ ልጆቿ አይታዋለች። ጥቅምት 21 ቀን 1943 በቶኪዮ የሜይጂ መቅደስ ስታዲየም፣ ዝናብ እየወረደ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ጠመንጃ ተሸክመው ተሰለፉ። እስከዚያ የትምህርት ዕድላቸው ከግዳጅ ያድናቸው ነበር፤ አሁን 20 ዓመት የሞላው የሥነ ጽሑፍ፣ የሕግ፣ የፍልስፍና ተማሪ ሁሉ ይዘምት ተባለ። ከመሐንዲስና ከሐኪም ይልቅ ስለ ሰው የሚያጠናው ቀድሞ ተላከ።

ሂሳማትሱ ያኔ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድሂዝም ያስተምሩ ነበር። መኖሪያቸው በሚዮሺንጂ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ሻይ የማፍላትን ጥበብ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ ስለነበር ቤታቸው ከተማሪ አይለይም። በ1944 ጥቂት ተማሪዎች ወደ እሳቸው ቀረቡ። ነገ የት እንደሚላኩ አያውቁም፤ ከተላኩት ጓደኞቻቸው ብዙዎቹ ደግሞ እንደማይመለሱ ያውቃሉ። ንግግር ብቻ አልፈለጉም። አብረው የሚያጠኑበትና የሚቀመጡበት ጉባኤ መሠረቱ፤ ስሙንም ጋኩዶ ዶጆ አሉት፣ መንገዱን የሚያጠኑበት አዳራሽ ለማለት ነው። ደንባቸው ጥናትና ተግባር እንዳይለያዩ የሚል ነበር። ተመስጦ ያለ ጥናት ዕውር ይሆናል፣ ጥናትም ያለ ተመስጦ ሽባ።

በጉባኤው መጀመሪያ ዛዘን ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ሂሳማትሱ ጥንታዊ ጽሑፍ ይዘው ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ክርክር ይከፈታል። ለብዙ ቀን የሚዘልቅ ሱባኤም ነበራቸው። እስከዚህ ድረስ ከገዳሙ ሥርዓት ብዙ አይርቅም። የራቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። በዜን ወግ ደቀ መዝሙር ደወል መትቶ ብቻውን ወደ መምህሩ ክፍል ይገባል፣ መልሱን ያቀርባል፣ መምህሩ ይፈርዳል፤ ሱዙኪ በኮሰን እጅ ፊት የቆመው እንዲያ ነው። በጋኩዶ ዶጆ ያ ክፍል ተዘጋ። በምትኩ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፣ ሌላውም መልሶ ይጠይቃል። ሂሳማትሱም ከጠያቂዎቹ አንዱ ናቸው እንጂ ፈራጅ አይደሉም። ስመ ጥር ፕሮፌሰር ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፊት እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው ሲጠየቁ ማየት ለዚያ ዘመን ጃፓን ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሆጆ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ስከተል ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ከገዳሙ ዝምታን ወሰዱ፤ ለገዳሙ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ልማድ፣ ማለትም መምህርን ሳይፈሩ መጠየቅን፣ አመጡለት። ነቃፊዎችም አልጠፉም። መምህር ያልመዘነውን መንቃት ማን ይመዝነዋል? እርስ በርስ የሚመዛዘኑ ሁለት ዕውሮች ምን ያያሉ? የዜን መነኮሳት ይህን ጠየቁ፤ ጥያቄው ዛሬም አላረጀም።

ኒሺዳ ጦርነቱ ሳያልቅ በሰኔ 1945 ካማኩራ ውስጥ ዐረፉ። አጽማቸው ተከፍሎ አንዱ ወገን ሚዮሺንጂ ውስጥ ባለው ሬይኡን ኢን ተቀበረ። የተማሪዎቹ ጉባኤ በኋላ ቋሚ መቀመጫው ያደረገውም ይህንኑ ቤት ነው። ጦርነቱ አለቀ፤ በ1946 ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች በሩን ከፈተ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ትረካ ውስጥ አንዲት ሴት ተማሪ ያልታየችው ከገዳሙ ሕግ ይልቅ በዩኒቨርሲቲው ሕግ ነው። በ1951፣ በኮሪያ ጦርነት መሐል፣ ጉባኤው የሰው ልጆች ቃል ኪዳን ያለውን አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ ራስን ማወቅን፣ የተሠቃየን ማሰብንና ዘርና መደብ የማይከፋፍሉት ዓለም መገንባትን በአንድ ያሰረ ነው። ጦርነቱን በዝምታ ያሳለፈ ዜን ዳግመኛ ዝም እንዳይል የታሰበ ይመስለኛል።

ሱዙኪ በበኩላቸው ከ80 ዓመት በላይ ሆነው ኒው ዮርክ ነበሩ። ከ1952 እስከ 1957 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ዜን ያስተምሩ ነበር። ተመዝጋቢው ጥቂት፣ አድማጩ ግን ሠዓሊውም ሙዚቀኛውም የሥነ ልቦና ሐኪሙም ነው። ከአድማጮቹ አንዱ የነበረው የሙዚቃ ቀማሪ ጆን ኬጅ እንደሚያወራው መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ አውሮፕላን በላይ ሲያልፍ የሽማግሌው ድምፅ ይዋጣል። ሱዙኪ ድምፃቸውን አያነሱም፣ አይደግሙትም፤ ያመለጠውን የጠየቀም የለም። እዚያ ትምህርት እንጂ ዛዘን አልነበረም። መቀመጡን የፈለገው ሌላው አድማጭ ፊሊፕ ካፕሎ በ1953 ሥራውን ትቶ ጃፓን ሄደ፤ 13 ዓመት ቆይቶ ተመለሰና በሮቸስተር የዜን ማዕከል ከፈተ።

በ1957 መጸው ሂሳማትሱ ሃርቫርድ ተጋበዙ። ከሃይማኖት ሊቁ ከፖል ቲሊክ ጋር በአስተርጓሚ ደጋግመው ተወያዩ። ቲሊክ የጀመሩት በጣም ተራ በሆነ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ በሥራ ተወጥሮ የሚውል ሰው ጸጥታን ከየት ያግኝ? ሂሳማትሱ ጸጥታው ከሥራው ሸሽቶ የሚገኝ ሳይሆን በሥራው መሐል ያለ ነው ወደሚለው ሐሳብ ይመልሷቸው ነበር። ሁለቱ አልተስማሙም፤ ግን አልተሰለቻቹም። በዚያው ዓመት ሱዙኪም ሃርቫርድ ወዳለበት ከተማ ወደ ኬምብሪጅ መጡ፤ በአንድ ባልና ሚስት መኖሪያ ቤት የኬምብሪጅ ቡድሂስት ማኅበር ተቋቋመ፣ ሱዙኪም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሂሳማትሱ አውሮፓን ዞረው በ1958 ካርል ዩንግንና ማርቲን ሃይዴገርን አነጋገሩ።

ሲመለሱ ጉባኤው የዩኒቨርሲቲውን አጥር አልፎ ኤፍ.ኤ.ኤስ. በሚል አዲስ ስም ይጠራ ጀመር። ሂሳማትሱ በእርጅናቸው ከ1,700 ይበልጣሉ የሚባሉትን ጥንታዊ ኮዋኖች ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ጠቀለሏቸው፤ ምንም ብታደርግ የማይሆን ከሆነ ምን ታደርጋለህ የሚል ነው። ለጥያቄው ወደ መምህር ክፍል መግባት አያስፈልግም፤ ፈተና የወደቀ ተማሪም፣ ሥራ ያጣ ሰውም፣ የታመመም በየደጁ ይዞት ያድራል።

ሱዙኪ በ1966 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ፤ መቃብራቸው ከኤንጋኩጂ ፊት ለፊት ባለው ቶኬይጂ፣ ከኒሺዳ ሌላ መቃብር አጠገብ ነው። ሂሳማትሱ በ1974 ወደ ትውልድ አገራቸው ጊፉ ተመለሱና በ1980 ዐረፉ። በወጉ መሠረት ፈቃድ ተሰጥቶት የተተካ መምህር አልነበረም። በ2006 ያረፉት ደቀ መዝሙራቸው አቤ ማሳኦ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወሩ ከክርስቲያንና ከአይሁድ ሊቃውንት ጋር ተከራከሩ። በሬይኡን ኢን ደግሞ የቀሩት አባላት፣ ኋላም ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ተማሪዎች ተጨምረው፣ መቀመጡንና መጠያየቁን ቀጠሉ።